ስህተት ወደ ማን ይሂድ?

ስህተት ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ የሚያየውና የሚያቃናው። ሁለቱ አንድ ሰው የሆኑበት ሥራ የታደለ ሥራ ነው። አብዛኛው ሥራ ግን እንዲህ አይደለም፤ ያየው ማቃናት አይችልም፣ ማቃናት የሚችለው አላየም። የዚህ ሐተታ ጉዳይ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ነው። ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት የኮምፒውተር ባለሙያዎች ብቻ ይመስላል፦ የቆየውን የስህተት አያያዝ ትቶ ትራይ፣ ካች፣ ፋይናሊ በሚሉት ትእዛዛት ወደሚታወቀው ሥርዓት መሸጋገር። እኔ ግን ይህ ሽግግር ባለፉት 50 ዓመታት ስለ ኃላፊነት ከታሰቡት ነገሮች ጥርት ብሎ የተጻፈው ነው ብዬ አምናለሁ። የምመረምረውም ዳባትን ይዤ ነው።

ዳባት ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የደጋ ከተማ ናት። ከእሷ አለፍ ሲሉ ደባርቅ፣ ከደባርቅ ወዲያ መንገዱ በሊማሊሞ ቁልቁል እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1996 የያኔው የጎንደር ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ፣ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ በዳባት ወረዳ በተመረጡ ቀበሌዎች የቤት ለቤት ቆጠራ አድርጎ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ሄደ፣ ማን መጣ የሚለውን የመከታተል ሥራ ጀመረ። አገር አቀፉ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ የዳባቱ መዝገብ ሃያ ዓመት ያህል ይቀድመዋል። ልጅ እቤት ተወልዶ አዛውንት እቤት በሚሞትበት አገር ሐኪም ቤት የማያውቀው ሰው ብዙ ነው። እንዲህ ያለው መዝገብ ለዚያ ሰው መኖሩም ማለፉም የተጻፈበት ብቸኛ ወረቀት ሊሆን ይችላል።

እንበል፣ ከቤት ቤት የምትዞረው መዝጋቢ “አንዲት ሴት ወንድ ልጅ ተገላገለች” ብላ ቅጽ ሞላች። ቅጹ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ግን እናቲቱ ባለፈው ዙር ሞታለች ተብላ ተጽፋለች። ሁለቱ አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም። ስህተቱን ያየው ፕሮግራሙ ነው፤ ፕሮግራሙ ግን ስለ ሴትዮዋ አንዳች አያውቅም። መረጃውን የሚያስገባው ሠራተኛም አያውቃትም፤ እሱ የሚያውቀው ከፊቱ የተከመረውን ወረቀት ነው። ተቆጣጣሪው ቀበሌውን ያውቃል፤ መዝጋቢዋ ጎጡን ታውቃለች። እውነቱን የምታውቀው ልጇን ታቅፋ በሯ ላይ የተቀመጠችው ሴት ናት። ምናልባት የሞተችው በዚያው ግቢ ትኖር የነበረች ሞክሼዋ ናት።

ይህን ስህተት መረጃ አስገቢው እዚያው ወንበሩ ላይ ቢያቃናው፣ ማለትም ቀኑን ገፋ አድርጎ ወይም የእናቲቱን መለያ ቁጥር ለውጦ ቢያሳልፈው፣ ኮምፒውተሩ ዝም ይላል፤ መዝገቡ ግን ዋሽቷል። ያ ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም። ቀን ቆጥረውበታል፣ ማያ ገጹ ቁጥር ብቻ ያሳየዋል፣ ወደ ኋላ የሚልክበት መንገድም አልተሰጠውም። ስህተቱን የማቃናት ሥልጣን ሳይኖረው እንዲያቃና ተገደደ። የቆየው የስህተት አያያዝ ዋናው በደል ይህ ነው እላለሁ።

ነገሩን ከቅርብ ለማየት ፎክስፕሮን ልውሰድ። በአፍሪካ የዚህ ዓይነት የክትትል ጣቢያዎች በስፋት የተጠቀሙበት፣ መጀመሪያ በሰሜን ጋና ለናቭሮንጎ ጣቢያ የተሠራው ኤች አር ኤስ የተባለ የቤተሰብ ምዝገባ ፕሮግራም የተጻፈው በፎክስፕሮ ነበር። በፎክስፕሮ ስህተት የሚያዝበት ትእዛዝ ኦን ኤረር ይባላል፤ “ስህተት ሲፈጠር ይህን አድርግ” ማለት ነው። ትእዛዙ አንዴ ከተሰጠ ለመላው ፕሮግራም ይሠራል። አንዱ ክፍል ለገዛ ጉዳዩ ሲል ቢለውጠው፣ ሲጨርስ እንደነበረ መመለስ ይኖርበታል። ከረሳ፣ ከእሱ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ባልመረጠው ሕግ ይዳኛል። ከዚህ የከፋም ነበር፦ ከኦን ኤረር ቀጥሎ አንዲት ኮከብ ብቻ ማስቀመጥ። ኮከቧ ያለችበት መስመር ማስታወሻ ስለሆነ አይፈጸምም፤ ስለዚህ ትእዛዙ “ስህተት ሲፈጠር ምንም አታድርግ” ይሆናል። ቪዥዋል ቤዚክም ኦን ኤረር ሪዙም ኔክስት የምትል አቻ ነበረችው፤ የተበላሸውን መስመር ትቶ ወደሚቀጥለው እንዲያልፍ የምታዝ። በሲ ቋንቋ ደግሞ አንድ ፋንክሽን፣ ማለትም አንድ የፕሮግራም ክፍል፣ ሥራው ሳይሳካለት ሲቀር ለጠራው ክፍል ቁጥር ይመልሳል፤ ጠሪው ቁጥሩን ዞር ብሎ ካላየው ሁሉ ሰላም ይመስላል፣ ፕሮግራሙም በተበላሸ መረጃ ላይ መገንባቱን ይቀጥላል።

በሦስቱም መንገድ ስህተትን መናገር ድካም ይጠይቃል፤ ዝም ለማለት ግን ምንም ማድረግ አያስፈልግም። ሰው ሲደክመው ወደሚቀለው ያዘነብላልና፣ ዝምታ የቀለለበት ሥርዓት ውሎ አድሮ ዝምታ ይሞላዋል።

እ.ኤ.አ. በ1975 ጆን ጉድኢናፍ የተባለ ተመራማሪ ስለዚህ ጉዳይ ባሳተመው ጽሑፍ፣ ችግሩን የሚያየው ክፍል ምን መደረግ እንዳለበት ላያውቅ እንደሚችል፣ ያንን የሚያውቀው ሥራውን ያዘዘው ጠሪ መሆኑን መነሻ አደረገ። በዚያው ዘመን ባርባራ ሊስኮቭ በኤም አይ ቲ፣ ሲ ኤል ዩ በተባለው ቋንቋዋ ውስጥ ሐሳቡን ሥራ ላይ አዋለችው። ኤዳ፣ ሲ ፕላስ ፕላስ፣ ጃቫ ተከተሉ። ቪዥዋል ቤዚክ እ.ኤ.አ. በ2002፣ ፎክስፕሮ በስምንተኛ እትሙ በ2003 ትራይ፣ ካችና ፋይናሊን ተቀበሉ። አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። አንድ ክፍል መሥራት ሲያቅተው ኤክሴፕሽን ይጥላል፤ ኤክሴፕሽኑ ምን እንደተበላሸና የት እንደተበላሸ ይዞ ወደ ጠሪው፣ ከእሱም ወደ ጠሪው ጠሪ ይወጣል፤ “ይህ የእኔ ነው” የሚል ካች እስኪያገኝ ድረስ አይቆምም። ማንም ካልተቀበለው ፕሮግራሙ ራሱ ይቆማል። ከዚህ በኋላ ዝምታ በስንፍና አይገኝም። ዝም ማለት የፈለገ እጁን አንስቶ መጻፍ አለበት፤ የጻፈውም ይታያል።

ለእኛ ይህ ባዕድ አሠራር አይደለም። በንጉሡ ዘመን አንድ ሙግት ከአጥቢያ ዳኛ ተነስቶ፣ በወረዳና በአውራጃ አልፎ፣ በይግባኝ ከደረጃ ደረጃ እየወጣ ዙፋን ችሎት ድረስ መድረስ ይችል ነበር። የታችኛው ዳኛ ያላቃናው ነገር እዚያው ታፍኖ እንዳይቀር ወደ ላይ መውጫ ነበረው። ከዚያ ሥርዓት ሕመም የምንማረውም አለ። ሁሉም ነገር ወደ ዙፋኑ ሲጎርፍ፣ ስለ ጉዳዩ ምንም ከማያውቅ ሩቅ ችሎት ፍርድ ይጠበቃል። በፕሮግራም ውስጥም ከላይኛው ጫፍ ላይ አንድ ትልቅ ካች ተክሎ የመጣውን ሁሉ በጅምላ የመቀበል ልማድ አለ። ይህ ኦን ኤረርን ቦታ ቀይሮ መመለስ ነው። ተገቢው ተቀባይ ከላይ ያለው ሳይሆን፣ ከሚችሉት መካከል ለስህተቱ ቅርብ የሆነው ነው። የሞክሼዋን ጉዳይ ወደ ጎንደር መላክ ምን ይረባል? መዝጋቢዋ ጎጡ ድረስ ተመልሳ ሴትዮዋን መጠየቅ ትችላለች።

የኤክሴፕሽን መዋቅር ብቻውን እንደማያድን ያሳየ አንድ ታላቅ ውድቀት አለ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 4 ቀን 1996፣ ዳባት ላይ ቆጠራ በተጀመረበት ዓመት፣ አሪያን 5 የተባለው የአውሮፓ ሮኬት በመጀመሪያ በረራው ከተነሳ ከ40 ሰከንድ ገደማ በኋላ አየር ላይ ተበታተነ። የሮኬቱን አቅጣጫ የሚያሰላው ፕሮግራም የተጻፈው በኤዳ ነበር፤ ኤክሴፕሽንን በቅጡ የሚያውቅ ቋንቋ ነው። አንድ ባለ 64 ቢት ቁጥር ወደ 16 ቢት ሲቀየር አልበቃ አለ፤ ኤክሴፕሽን ተነሳ። ለዚህ አደጋ ከተጋለጡት ሰባት ተለዋዋጮች አራቱ ጥበቃ ተደርጎላቸው ነበር። ሦስቱ ግን የኮምፒውተሩ ጫና ከ80 በመቶ እንዳያልፍ ሲባል ያለ ጥበቃ ተተዉ፤ ቁጥሮቹ ከልክ አያልፉም ተብሎ ነበር። ያ ግምት አሪያን 4 ላይ እውነት ነበር፤ በአዲሱ ሮኬት ፍጥነት ግን እውነት መሆኑ ቀረ። ኤክሴፕሽኑ ወደ ላይ ሲወጣ የሚቀበለው አጣ፤ በአጠቃላይ ትእዛዙ መሠረት ኮምፒውተሩ ራሱን ዘጋ። መጠባበቂያውም ያንኑ ፕሮግራም ይዞ ነበርና ቀድሞ ተዘግቷል። የሚያሳዝነው፣ ያ ስሌት ሮኬቱ ከመሬት ከለቀቀ በኋላ የማያስፈልግ ነበር።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ከዳባት ብዙም ሳይርቅ ሌላ ጩኸት ተነሳ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ስፍራዎች አንዱ ነው፤ ላሊበላም ከእነዚያው መካከል ናት። በ1996 ዋልያ ስለቀነሰ፣ በፓርኩ ውስጥ መንገድ ስለተሠራ፣ እርሻውና ሰፈራውም ስለገፋ ፓርኩ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ። ይህ ዝርዝር በ1972ቱ የዓለም ቅርስ ስምምነት አንቀጽ 11 የተደነገገ ነው፤ አሠራሩን ሳጠና ከኤክሴፕሽን ጋር ያለው ዝምድና ያስደንቀኛል። ችግሩ በስሙ ተጠራ፤ ለመውጫው መስፈርት ተቀመጠ፦ የፓርኩ ድንበር እንደገና እንዲካለል፣ ወደ መሳረሪያና ሊማሊሞ እንዲሰፋ፣ በውስጡ የሚኖረው ሕዝብ እንዲቀንስ፣ ዋልያና ቀይ ቀበሮ በርከት ብለው በአግባቡ እንዲጠበቁ። ብዙዎች በዝርዝሩ መግባትን እንደ ውርደት ያዩታል። እኔ ውርደት የምለው ዋልያ እያለቀ “ሰላም ነው” የሚል ሪፖርት መላክን ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2017 ከዝርዝሩ ወጣ፤ 21 ዓመት ፈጅቷል።

ግን ይህ ታሪክ የፕሮግራም መጻሕፍት ሲያስተምሩ ፈጥነው የሚያልፉትን አንድ ጥያቄ ያስነሳል። ኤክሴፕሽን ወደ ላይ ሲወጣ በመካከል ያሉት ፋንክሽኖች ሥራቸው ይቋረጣል፤ የያዙት ሁሉ ይለቀቃል። በኮምፒውተር ውስጥ ይህ ዋጋ አያስከፍልም ማለት ይቻላል። በስሜን ግን በመካከል ያሉት ሰዎች ነበሩ። የግጭ መንደር ነዋሪዎች፣ ከ400 የሚበልጡ አባወራዎች፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2016 ድረስ ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ከተማ ሰፈሩ። ገብስ ሲዘሩና በግ ሲያረቡ የኖሩ የውርጭ ሰዎች የከተማ ኑሮ ጀመሩ። ፓርኩን ያዳነው እርምጃ የእነሱን ሕይወት ከሥሩ ነቅሏል። ተራራው ዋልያውን እንዲያኖር መፈለግ ተገቢ ነው፤ እኔም እፈልጋለሁ። ሆኖም አንድን ችግር አቃናሁ የሚል ሁሉ፣ ችግሩ ሲቃና በመካከል ሥራው የተቋረጠበት ማን እንደሆነና ያ ሰው ምን እንደተመለሰለት ቆጥሮ ማሳየት ግዴታው ነው። ስለ ስሜን ሲወራ የዋልያው ቁጥር እንደሚነገረው የግጭ ሰዎች ኑሮም መነገር አለበት።

የኤክሴፕሽን ተቃዋሚዎች አሉ፤ ክርክራቸውም የሚናቅ አይደለም። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1968 ጎቱ የተባለውን ዝላይ የኮነነው፣ አንባቢ የፕሮግራሙን አካሄድ በዓይኑ መከተል እንዳይችል ስለሚያደርግ ነበር። ኤክሴፕሽንም የተሰወረ ዝላይ ነው ይላሉ፤ የቱ መስመር ድንገት ወጥቶ እንደሚሄድ ጽሑፉን አይቶ ማወቅ አይቻልም። በ2009 ይፋ የሆነው ጎ የተባለው ቋንቋ በዚህ ምክንያት ስህተትን እንደ ማንኛውም መረጃ ከውጤቱ ጋር አብሮ ለጠሪው መመለስን መረጠ። ራስት ደግሞ ይህንኑ አጥብቆ፣ ስህተት ሊይዝ የሚችለውን ውጤት ጠሪው ሳይከፍተው ቢያልፍ ፕሮግራሙ ሲዘጋጅ ያስጠነቅቃል። እኔ በዚህ ክርክር ውስጥ ወገን አልይዝም፤ ሁለቱም አንድ ጠላት አላቸውና። ዝም ብሎ ማለፍን ከባድ የሚያደርግ ሥርዓት ሁሉ ለእኔ ከአዲሱ ወገን ነው፤ በዝላይም ይሥራው በተመላሽ መረጃ።

ይልቅ የሚያሳስበኝ የጃቫ ልምድ ነው። ጃቫ አንዳንድ ኤክሴፕሽኖችን ፕሮግራመሩ የግድ እንዲይዝ ወይም በይፋ እንዲያሳልፍ ያዛል። ሐሳቡ መልካም ነበር። ብዙ ፕሮግራመሮች ግን ግዴታውን ለመወጣት ባዶ ካች መጻፍ ያዙ፤ ኤክሴፕሽኑ ይያዛል፣ ከዚያ በኋላ የሚሆን ነገር የለም። ከኦን ኤረር ኮከብ በምን ይለያል? እንዲያውም ይብሳል፤ ያዝሁት የሚል ምስክር ከላዩ ተጽፎበታልና። ግዴታ ብቻውን እውነትን አይወልድም፤ “አላውቅም” ብሎ ማሳለፍ ሲፈቀድ ነው እውነት የሚገኘው።

የክትትል ጣቢያዎች ይህን ያውቁታል። ሰው እቤቱ ሲሞት ምክንያቱን ለማወቅ፣ ከሐዘኑ ጊዜ በኋላ ቤተሰቡ በእርጋታ ይጠየቃል፦ ትኩሳት ነበረው? ያስለው ነበር? ስንት ቀን ታመመ? ሐኪሞች መልሱን አንብበው ምክንያት ይመድባሉ። ከሚመደቡት መካከል “ያልታወቀ” የሚል አለ። ይህ ምድብ ባይኖር ሐኪሙ ይገምት ነበር፤ ግምቱም በሰንጠረዡ ላይ ከእውነተኛው ምርመራ ጋር እኩል ይቆም ነበር። “ያልታወቀ” ብሎ መጻፍ ለሟቹ የሚደረግ አክብሮት ነው።

ከሦስቱ ትእዛዛት ትንሽ የሚወራላት ፋይናሊ ናት፤ ለእኔ ግን የበለጠችው እሷ ናት። ትራይ ቢሳካም ባይሳካም፣ ካች ቢይዝም ባይዝም ፋይናሊ ትፈጸማለች። የተከፈተ ፋይል ይዘጋል፣ የተያዘ ነገር ይለቀቃል። መብራት ድንገት በሚጠፋበት ከተማ የፎክስፕሮ ሠንጠረዥ በጅምር ሲቀር ማውጫው እንደሚበላሽ የሠራበት ሁሉ ያውቀዋል፤ ለመብራት መጥፋት ፋይናሊም አትደርስም፣ እዚያ ላይ ወይ ሁሉም ወይ ምንም የሚለው የትራንዛክሽን ሕግ ይጨመራል። ለምሳሌ አንድ ወጣት ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወይም ወደ ሑመራ ይወርዳል፤ ከርሞም ተመልሶ ሌላ ቀበሌ ጎጆ ይወጣል። መዝገቡ ከአንዱ ቤት ሰርዞት በሌላው ሳይጽፈው ቢቋረጥ ያ ልጅ የትም የለም። አልሞተም፤ ግን በማንም ቤት አልተቆጠረም።

በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ የሰሜኑ ጦርነት ወደ ዳባትና ደባርቅ ምድር ደረሰ፤ በዳባት ወረዳ ጭና በተባለ ቀበሌ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሁሉም ሥርዓት ይቋረጣል፤ መዝጋቢ ከቤት ቤት መሄድ አይችልም። ቢሆንም የተቋረጠው ሁሉ ተቋርጦ እንደ ፋይናሊ መፈጸም ያለበት ነገር ይቀራል፤ የሞተውን በስሙ መጻፍ። ማን አሸነፈ፣ ማን ተሸነፈ የሚለው በዚህ ግዴታ ላይ ለውጥ አያመጣም።

ዛሬ በደባርቅና በጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች ፕሮግራም መጻፍ የምትማሩ ወጣቶች፣ ነገ የጤና ጣቢያ፣ የቀበሌ፣ የገበሬ ማኅበር የቆዩ ፕሮግራሞችን አዲስ ማድረግ ይገጥማችኋል። በእያንዳንዱ ኦን ኤረር ፋንታ ትራይና ካች መተካት የአንድ ሳምንት ሥራ ነው፤ ያ ብቻ ከሆነ ግን ኮከቧን በሌላ ልብስ ታስቀምጧታላችሁ። እባካችሁ ከዚያ በፊት ከመረጃ አስገቢው አጠገብ አንድ ቀን ተቀመጡ፤ ከመዝጋቢዋ ጋር ጎጥ ውጡ። እያንዳንዱ ስህተት ሲከሰት እውነቱን ማን እንደሚያውቅ፣ ማንስ ማቃናት እንደሚችል ጠይቃችሁ ጻፉ። መልስ ያላገኛችሁለትን ስህተት አትያዙት፤ እንዲያልፍ ተዉት፣ ፕሮግራሙም ይቁም። የቆመ ፕሮግራም ሰው ይጠራል።